ሰባቱ እንቁራሪቶች እና እኔ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እባብ ሳይሆን እስክሪብቶ ነው። የምሠራው እባቡም፣ እስስቱም፣ እንቁራሪቱም በየብልቃጡ ተደርድሮ በሚገኝበት ላብራቶሪ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ነገር መሃል ግን እስከ ዛሬ ሳየው ልቤን ድንግጥ የሚያደርገኝ ከማንኛውም ሱቅ የሚገዛ ተራ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን፣ በዚህች ቡለቲን ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው እንዴት እንደተሳካልን ነው። ፕሮፖዛሉ አለፈ፣ ፊልድ ተወጣ፣ ዳታው ተሰበሰበ፣ ምስጋና ለአማካሪዬ ይድረስ፣ አለቀ። እኔም እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን በላብ ውስጥ ካሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ በደንብ የተማርኩበት ሳምንት ያጠፋሁበት ሳምንት ስለሆነ፣ እሱኑ ብጽፈው ለሚቀጥሉት ልጆች ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

መጀመሪያ ወደዚህ ላብ እንዴት እንደገባሁ ልናገር። እውነቱን ለመናገር እንቁራሪት ወድጄ አይደለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ክፍት የነበረው የረዳትነት ቦታ የአምፊቢያንና የተሳቢ እንስሳት ላብ ብቻ ስለነበረ ነው። እናቴ ስትሰማ ስልኩን ይዛ ዝም አለች። ቆይታ «ልጄ ሐኪም ትሆናለች ስንል ጉርጥ ለቃሚ ሆነሽ ቀረሽ?» አለችኝ። እስካሁንም በደወለች ቁጥር «ዛሬም ነክተሻል? እጅሽን ታጠቢ፣ ኪንታሮት ያወጣብሻል» ትለኛለች። ኪንታሮት የሚመጣው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ እንጂ ከጉርጥ እንዳልሆነ ስንት ጊዜ አስረድቻታለሁ። «እሺ፣ ግን ታጠቢ» ትላለች። እሷም ልክ ናት፤ እኔ እጄን የምታጠበው ግን ለኪንታሮቱ ሳይሆን ለፎርማሊኑ ነው።

ላባችንን ያላያችሁት ካላችሁ በኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሽታው ገና ደረጃው ላይ ይቀበላችኋል። ከላብ ወጥተን በቀጥታ ካፌ ስንገባ ጓደኞቻችን ወንበራቸውን ፈቀቅ ያደርጋሉ። በመጀመሪያው ክፍል መለኪያው፣ ማይክሮስኮፑና አንድ አሮጌ ጠረጴዛ አሉ። በሁለተኛው ደግሞ መደርደሪያዎቹ። ከወለል እስከ ኮርኒስ ብልቃጥ ነው። እያንዳንዱ ብልቃጥ ውስጥ አንድም አሥርም እንስሳ አለ፤ እያንዳንዱ እንስሳ እግር ላይ ደግሞ በክር የታሰረች ትንሽ ወረቀት አለች። እኛ ታግ እንላታለን።

የዚህ ሁሉ ጠባቂ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ቴክኒሻን ናቸው። ጋሼ ድግሪ የላቸውም፤ ግን ድግሪ ያላቸው ሰዎች ሁሉ መጥተው የሚጠይቁት እሳቸውን ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የሚሰጡት ሥልጠና አጭር ነው። አንድ እርሳስ ያነሱና «ይሄ ነው» ይላሉ። «ላቤ ውስጥ ታግ የሚጻፈው በዚህ ነው። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፤ መጀመሪያ ጻፍ፣ ኋላ ትጠይቃለህ።» እኔም ጻፍኩ። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ስህተቴ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ስለ ሥራችን ጥቂት ልበል። በአገራችን ከ60 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያዎች እንዳሉ ይታወቃል። ከነዚህ ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኙም። ሰው ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ ያውቃል፤ ስለነዚህ ግን የሚያውቅ የለም። ለምሳሌ በባሌ ተራሮች የምትኖር አንዲት ትንሽ ጉርጥ አለች። ዘመናችንን ሙሉ በመጽሐፍ የተማርነው እንቁራሪት እንቁላሏን ውሃ ውስጥ እንደምትጥልና ግልገሉም ውሃ ውስጥ እየዋኘ እንደሚያድግ ነው። ይህች ጉርጥ ግን እንቁላሏ በሆዷ ውስጥ እያለ ይዳብራል፤ ከዚያ እርጥብ ሣር ሥር ትጥለዋለች፤ ግልገሎቹም እዚያው መሬት ላይ ያድጋሉ። ሳይንሳዊ ስሟ አልቲፍራይኖይደስ ማልኮልሚ ይባላል። ስሙ የተሰጣት ለማልኮልም ላርገን ክብር ነው። ላርገን በአገራችን ሲያስተምሩ የነበሩ፣ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ አምፊቢያንና ተሳቢ እንስሳትም እ.ኤ.አ. በ2010 ከስቲቨን ስፖውልስ ጋር ትልቁን መጽሐፍ ያሳተሙ ሰው ናቸው።

ገና ስም ያልወጣላቸውም አሉ። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከቢቢታ ተራራ የተገኘች አንዲት ትንሽ እንቁራሪት በተራራው ስም ተሰይማ ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በ2021 ደግሞ በደጋው ሣር ውስጥ የሚኖሩት፣ እኛ ፕቲካዴና የምንላቸው እንቁራሪቶች እንደገና ተመርምረው፣ አንድ ዓይነት ይመስሉ ከነበሩት መካከል አዳዲስ ዝርያዎች ተለይተው ወጡ። እነዚህ ሣር ለሣር የሚዘሉ፣ ቡናማና አረንጓዴ፣ አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ ከአፍንጫ እስከ ቂጥ የሚሄድ ነጣ ያለ መስመር ያላቸው ናቸው። በዓይን አይታችሁ ይሄ እንዲህ ነው፣ ያኛው እንዲያ ነው ለማለት ያስቸግራል። የሚለዩት በድምፃቸው፣ በዲኤንኤያቸው፣ ከሁሉም በፊት ግን በተገኙበት ቦታ ነው።

የሲኒየሬ የማስተርስ ጥናትም በነዚሁ ላይ ነበር። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የባሌ ተራሮች መሃላቸው ላይ ሳነቲ የሚባል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሳ ብርዳም አምባ አላቸው፤ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፉ 4,377 ሜትር ነው። ከአምባው በስተሰሜን በዲንሾ በኩል ረግረግና ሣር አለ። በስተደቡብ ደግሞ ቁልቁል ሲወረድ የሐረና ጫካ አለ። ታዲያ በሁለቱ በኩል ያሉት ተመሳሳይ እንቁራሪቶች በእውነት አንድ ናቸው ወይስ ተራራው ለያይቷቸዋል? ይሄንን ለማወቅ ከሁለቱም ወገን ናሙና መውሰድ፣ መለካት፣ ማወዳደር ያስፈልጋል። እኔ የተወሰድኩት ለካሊፐርና ለጽሕፈት ነበር።

ነሐሴ ላይ ወጣን። ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፓርኩ ፈቃድ ሰጥቶናል፤ ፈቃዱ ላይ ከየቦታው ስንት እንቁራሪት መውሰድ እንደምንችል በቁጥር ተጽፏል። ከመኪና በወረድን ቁጥር ቦት ጫማችንን በበረኪና እናጥባለን። መንገደኛው ያየናል፣ ይስቃል። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ፤ የእንቁራሪትን ቆዳ ይይዛል። እንቁራሪት ውሃም አየርም የምትስበው በቆዳዋ ስለሆነ ቆዳው ሲታመም ልቧ እስከ መቆም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት በዓለም ላይ ቢያንስ 501 የአምፊቢያን ዝርያዎች በዚህ በሽታ ምክንያት ቁጥራቸው መቀነሱ፣ ከነዚህም 90ዎቹ ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ተገልጿል። በሽታው በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በሰፊው መገኘቱም በ2012 ታትሟል። አንዱ ረግረግ ውስጥ የረገጥንበትን ጭቃ ይዘን ሌላው ረግረግ ውስጥ ብንገባ በሽታውን ተሸክመን ያደረስነው እኛው ነን ማለት ነው። ለዚህ ነው በረኪናው።

መንገድ የሚመሩን የአካባቢው ሽማግሌ ነበሩ፤ «ኦቦ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። በመጀመሪያው ምሽት የግንባር ባትሪ አስረን፣ ፌስታል ይዘን ረግረጉ ውስጥ ስንገባ ቆመው አዩን። «ሰው ሁሉ እዚህ የሚመጣው ቀይ ቀበሮ ሊያይ ነው። እናንተ ራቻ ልትለቅሙ ከአዲስ አበባ መጣችሁ?» አሉ። ራቻ ማለት በኦሮምኛ እንቁራሪት ነው። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና እኛ ሦስት እስክንይዝ እሳቸው ስድስት ያዙ። ድምፁን ሰምተው ነው የሚሄዱት፤ ባትሪ እንኳ አይጠቀሙም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ። አዎ፣ የምንይዛቸው ይሞታሉ። ለድድ ማደንዘዣ የሚሆነውን ዓይነት መድኃኒት ሆዳቸው ላይ እንቀባለን። በቆዳቸው ይገባል፣ ይተኛሉ፣ አይነቁም። መጀመሪያ ለዲኤንኤ የሚሆን ትንሽ ሥጋ ተወስዶ ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ታግ ይታሰርላቸዋል፤ ከዚያ ፎርማሊን። የመጀመሪያዋን የቀባሁ ዕለት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲኒየሬ አየኝና «አንድ ነገር ብቻ አስቢ» አለኝ፤ «ከሞተች በኋላ የምትጠቅመው በደንብ ከጻፍሽላት ብቻ ነው። ካልጻፍሽላት ዝም ብለሽ ገደልሽ ማለት ነው።» ንግግሩ ያን ጊዜ ትንሽ የተጋነነ መስሎኝ ነበር።

ከዲንሾ 10 ወሰድን። ከዚያ በጎባ አድርገን፣ ሳነቲን አቋርጠን፣ ሪራ የምትባለውን መንደር አልፈን ሐረና ጫካ ገባን። ዝናቡ ሌላ ነው። ከዛፉ ላይ ጺም የመሰለ ሽበት ተንጠልጥሏል፣ ከሽበቱ ውሃ ይንጠባጠባል። ድንኳናችን ውስጥ ደረቅ የሚባል ነገር አልነበረም። እርሳሶቼ በጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበሩ፤ ጃኬቱ ደግሞ መኪና ውስጥ። መኪናው ጭቃው ስላላሳለፈው አንድ ሰዓት ያህል በእግር ከሚያስኬድ ቦታ ላይ ቀርቷል። ሲኒየሬ የራሱን እርሳስ ይዞ ሌላው ድንኳን ውስጥ ቱቦዎቹ ላይ እየጻፈ ነው። የዲንሾዎቹ ታጎች ደግሞ በእርጥበቱ ረስርሰው ተበጣጥሰው ስለነበር እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። ከሐረና የተያዙት 9 እንቁራሪቶች ጠረጴዛው ላይ እየጠበቁ ነው። ሰዓቱ ከሌሊቱ ሰባት። ኪሴ ውስጥ አንድ እስክሪብቶ ነበረች።

ሌላው ድንኳን ሄጄ እርሳስ መለመን እችል ነበር። አሥር እርምጃ ነው። ዝናብ ነበረ፣ ደክሞኝም ነበር፤ ደግሞም እርሳስ የሌላት ረዳት መባል አፈርኩ። በእስክሪብቶዋ 19 ታግ ጻፍኩ። አንዷን ውሃ ውስጥ ነክሬ አየኋት፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ፎርማሊኑ ውስጥም ነከርኳት፤ አልለቀቀም። «ይሄው! የጋሼ እርሳስ የድሮ ሰው ነገር ነው» አልኩ በልቤ። ቦታ ለመቆጠብም ሁለቱን ወገን በአንድ ብልቃጥ አደረግኳቸው። ታግ አላቸዋ! ምን ይሆናሉ?

አዲስ አበባ ተመልሰን፣ እንስሳቱ ፎርማሊኑን ከጠጡ በኋላ በውሃ ታጥበው ወደ 70 በመቶ አልኮል ይዛወራሉ። ይሄ የዘወትር ሥራችን ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ አዛወርኳቸውና ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ብልቃጡን ሳነሳው አልኮሉ ሰማይ መስሏል። ቀለሙን አይቼ መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ከዚያ አንዷን እንቁራሪት በወረንጦ አውጥቼ ታጓን ሳየው ነጭ ነው። ሁለተኛዋን፣ ነጭ። ሦስተኛዋን፣ ነጭ። አሥራ ዘጠኙም እግራቸው ላይ ባዶ ወረቀት ታስሮባቸው ነበር።

ነገሩ በጣም ቀላል ኬሚስትሪ ነው። የእስክሪብቶ ቀለም በውሃ አይሟሟም፤ ፎርማሊናችን ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ሐረና ላይ ያደረግኩት ፈተና ትክክል ነበር፤ የተፈተነው ግን ሌላ ፈሳሽ ነው። በአልኮል ግን ይሟሟል። እርሳስ ግራፋይት ስለሆነ በውሃም በፎርማሊንም በአልኮልም አይነቃነቅም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። እኔም ፈተና ላይ ቢመጣ እመልሰው ነበር።

ሁለት ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ይሄንን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው። በሩን ዘግቼ ለማዳን ሞከርኩ። የፊልድ ደብተሩ ላይ የእያንዳንዷ ቁጥር፣ ቦታና ከአፍንጫ እስከ ፊንጢጣ ያለው ርዝመቷ ተጽፏል፤ ይሄ በሲኒየሬ እርሳስ ስለተጻፈ ደህና ነው። በስልክ ያነሳናቸው ፎቶዎችም አሉ። አንድ በአንድ እያወጣሁ ለካሁ፣ የጀርባቸውን መስመርና ነጠብጣብ ከፎቶው ጋር አስተያየሁ። አንዷ ከግራ ዓይኗ ጀርባ ጠባሳ ነበራት፣ ተገኘች። አንዷ ጣቷ ጎድሎ ነበር፣ ተገኘች። እንዲህ እያልኩ 12ቱን ያለ ጥርጥር ለየሁ፤ ስድስት ከዲንሾ፣ ስድስት ከሐረና። ሰባቱ ግን እምቢ አሉ። ፎቷቸው ደብዛዛ ነው። ርዝመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ በዚያ ላይ ፎርማሊንና አልኮል ገላን ስለሚያኮማትር ሚሊሜትሩ አይታመንም። ከመሞታቸው በፊት የተወሰደው ሥጋ በየቱቦው ተቀምጧል። ቱቦው ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ የየትኛዋ ገላ እንደሆነ ግን አያውቅም። ገላዎቹ ደግሞ ከየት እንደመጡ አያውቁም። ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ ከገላው እንደገና ወስዶ ማስተያየትም ለኛ የሚሞከር አልነበረም።

ረቡዕ ዕለት ለሲኒየሬ ነገርኩት። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ብልቃጡን አገላብጦ አየው። ብዙ ቆይቶ «አራቱ የዲንሾ፣ ሦስቱ የሐረና መሆናቸውን እናውቃለን አይደል?» አለ። እናውቃለን አልኩት፤ ቁጥሩ ከደብተሩ ይታወቃል። «እንግዲህ እነዚህ አራቱ ሰፋ ያሉት የዲንሾ ይመስላሉ። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ሐረናዎቹን ይመስላሉ። በእርሳስ ጻፊባቸው። ማን ያውቃል?»

እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ጥፋቴ በአንድ ደቂቃ ሊሰረዝ ነው። እርሳሱንም አነሳሁ። የመጀመሪያዋን ታግ ጻፍኩ፤ ሁለተኛዋ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ጨዋነት ይዞኝ ነው ብዬ አልዋሽም፤ የቆምኩት ስላልገባኝ ነው። «ቆይ» አልኩት፤ «ጥያቄህ የዲንሾና የሐረና እንቁራሪቶች በመልክ ይለያያሉ ወይ የሚል አይደለም እንዴ? እኛ አሁን በመልካቸው እያየን ቦታ ከሰጠናቸው፣ ኋላ ስትለካቸው የግድ ይለያያሉ። መልሱን እኛው ጽፈንበት ልንለካው ነው።»

ዝም አለ። ከዚያ እርሳሱን ከእጄ ተቀበለኝና አስቀመጠው። «እኔም አውቄዋለሁ» አለ። «እንዳትይው ፈልጌ ነበር።» ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ከሰላምታ ያለፈ አላወራንም። አልፈርድበትም። የመመረቂያው ጊዜ ደርሷል፣ በጀቱ አልቋል፣ እንደገና ፊልድ መውጣት አይቻልም፣ ፈቃዱም ላይ የተፈቀደው ቁጥር ሞልቷል። ከአንድ ቦታ ስድስት እንቁራሪት ይዞ ሥነ ልክን ማወዳደር ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ስታትስቲክስ የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል።

ለአማካሪያችን አብረን ገብተን ነገርናቸው። ዶክተር ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አሥራ ሁለቱን ምን ያህል ታምኛቸዋለሽ?» እያንዳንዷን በምን እንደለየኋት በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዙኝ። ሰባቱን ደግሞ «ቦታው ያልታወቀ ብለሽ ጻፊ። ለምን እንዳልታወቀም ጻፊ። ስምሽንም ጻፊ» አሉኝ። ስሜን መጻፉ ቅጣት መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያንን ብልቃጥ የሚያነሳ ሰው ማን፣ ምን እንዳደረገ ማወቅ አለበት።

ሃምሳ ዓመት ስል ማጋነን እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከባሌ ተራሮች አንድ ትልቅ እፉኝት አዲስ ዝርያ ተብሎ ቢቲስ ሐረና የሚል ስም ወጣለት። ስሙን ለማውጣት መነሻ የሆነው ናሙና ቀደም ሲል በሌላ እፉኝት ስም ተመዝግቦ በሙዚየም የተቀመጠ ነበር። ትክክለኛው ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ብልቃጥ ውስጥ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። የኛም መደርደሪያ ላይ እንዲህ የሚጠብቅ ስንት እንደሚኖር ማን ያውቃል? ታግ ከሌለው ግን ጠብቆም አይረባም። ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ የተናገሩት ይሄው ነው፤ «ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እንቁራሪት ሥጋ ነው፤ ናሙና አይደለም።» አልተቆጡኝም። «አሁን ለምን ብለሽ ጠይቂኝ» ብለው ብቻ ሳቁ። የጋሼ ሳቅ ከቁጣ ይብሳል።

ሲኒየሬ በ12ቱ ሠራ። በመልክ ይለያያሉ ለማለት ማስረጃው እንደማይበቃ በግልጽ ጻፈ። የዲኤንኤው ሥራ ለወደፊቱ ቱቦዎቹ ላይ የሚቀጥል ነው። ዲፌንስ ላይ ከፈታኞቹ አንዱ «ሠንጠረዡ ላይ 19 ይላል፣ ትንተናው ላይ 12፤ ሰባቱ የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መሬት ብትከፈት ብዬ ተመኘሁ። እሱ ግን ቀና ብሎ «መለያቸው ፊልድ ላይ በተሳሳተ ቀለም በመጻፉ ጠፍቷል። የቡድናችን ስህተት ነው። ገምተን ልንሞላው እንችል ነበር፣ አልሞላነውም» አለ። ፈታኙ አንገታቸውን ነቀነቁና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ሌላ ምንም አልተከተለም። እኔ ግን «የቡድናችን» ያላትን ቃል አልረሳትም። ኋላ ላይ የመጨረሻውን ሠንጠረዥ እንዳይለት ላከልኝና «ስህተት መፈለግ አሁን ያንቺ ሙያ ሆኗል» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የታረቅነው።

ሰባቱ እንቁራሪቶች አሁን የት እንዳሉ ለማወቅ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ክፍል ከመስኮቱ ጎን ባለው የማስተማሪያ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ለጥናት አይሆኑም፣ ለማስተማር ግን ይሆናሉ። ብልቃጡ ላይ በእርሳስ፣ በእጅ ጽሑፌ፣ «ባሌ፤ ዲንሾ ወይም ሐረና፤ መለያው ጠፍቷል» የሚል አለ፤ ከሥሩ ስሜና ቀኑ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ለፕራክቲካል ሲመጡ አስረዳለሁ። የኋላ እግራቸውን፣ የጣታቸውን ሽፋን፣ የጀርባቸውን መስመር አሳያቸዋለሁ። ሁልጊዜ አንድ ልጅ አይጠፋም፤ «ወይም ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ እርሳስ አድላቸዋለሁ።

አንዳንዴ ኦቦን አስባለሁ። ባዶ እግራቸውን በዚያ ብርድ ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ድምፁን ተከትለው፣ በእርጋታ በሁለት እጃቸው አቅፈው ያመጡልን የነበሩትን። ከሰባቱ ውስጥ ስንቶቹ እሳቸው የያዟቸው እንደሆኑ አላውቅም፤ ይሄም ታጉ ላይ ነበር። እሳቸው ባትሪ ሳያበሩ የትኛዋ ከየት እንደምትጮህ ያውቁ ነበር። እኔ ግን ወረቀትና ቀለም ይዤ አጠፋሁት።

ለማጠቃለል፣ ለሚቀጥሉት ረዳቶች የምመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሁለት ቦታ ናሙና በአንድ ብልቃጥ አታድርጉ፤ ቦታ ቢጠብም። ሁለተኛ፣ ጋሼ አንድ ነገር ሲነግሯችሁ ታዘዙ፣ ግን ደግሞ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ዝናብ ሲመጣ ሕጉን ይተዋል። ሦስተኛ፣ ስታጠፉ ሁለት ቀን አትጠብቁ። እኔ የጠበቅኩት ሁለት ቀን ከሠራሁት ጥፋት ሁሉ ከባዱ ነበር።

እናቴ ባለፈው ስትደውል ይሄን ታሪክ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አየሽ፣ እኔ መቼም ኪንታሮቱን ብቻ ነበር የምፈራው» አለችኝ። ከዚያም እንደ ልማዷ፣ «ለማንኛውም እጅሽን ታጠቢ።»

ቸር ያሰንብተን።